ዳገቱ የተገዘተበት ክረምት

ግንቦት 27፣ ጧት 2 ሰዓት

ጌታሁን ከጥበቃ ገባ። ጤዛ አርሶታል። እንጀራውን ቆሞ ጎረሰ፣ ጠብመንጃውን ከበሩ ኋላ አቆመ፣ ጋደም አለ፣ አለቀ። ባሌ እንዲህ ነው ደብተሬ። አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፣ መልሱን ይዞት ይተኛል። የጠየቅሁት ዳገቱን በታች በኩልም ዘጋችሁት ወይ ብዬ ነው። ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ዘግተውታል። ቀጋና አጋም አንጥፈው ድንጋይ ጭነውበታል።

አዲስ ስለሆንሽ ላስረዳሽ፤ አሮጌዋ ደብተር ስለሞላች ነው አንቺን የጀመርኩ። ከወረታ በላይ ያለው ዳገት፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ዶቅማው፣ የእኛና የጎረቤቶቻችን ይዞታ ነው። በሩቅ አገር ፋብሪካ ያጨሳል። ጭሱ ዓለሙን ያሞቃል። ዛፍ ደግሞ ጭሱን ይውጣል። ስለዚህ የፕሮጀክት ሰዎች መጥተው አትቁረጡ፣ አታክስሉ፣ ከብት አታስገቡ፣ ቡቃያው ይደግ፤ እኛ እንከፍላችኋለን አሉ። ሰዉ የአየር ብር ይለዋል። መጀመሪያ ስሰማ ላም አለኝ በሰማይ ብዬ ስቄያለሁ። ግን ግማሹ በእጃችን ገባ። ሣር ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ። የቀረው ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ መጥተው አይተው። አንዱ ካጠፋ የሁሉም ይቀራል፣ የተበላውም ይመለሳል።

ሽማግሌዎቹ ወረቀት ምን ይጠብቃል፣ ግዝት ይሁንበት አሉ። የነፍስ አባቴ አባ ተክሌ መስቀላቸውን ይዘው ዳገቱ ሥር ቆሙ። መጥረቢያ ያነሳበት፣ አጥሩን ከፍቶ ከብት ያስገባበት፣ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። እኔም ጮክ ብዬ።

እውነቱን ልናገር፣ ዳገቱ አምሮበታል። የወይራ ቡቃያ እንደዚህ በዝቶ አይቼ አላውቅም። የደረቀችው ምንጭ እንኳ እርጥበት ማሳየት ጀምራለች።

ግን በታች በኩል የዘጉት የከብት መውጫውን ነው። ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ነው።


ሰኔ 4፣ ከ/ሰዓት

አያ ምትኩ ደወለ። ታላቅ ወንድሜ። ቁሐር ሚካኤል ነው የሚኖር፣ ታች ሜዳው ላይ። አባታችን ከሞተ ወዲህ አባቴም እሱ ነው። ሩዙን ዘርቷል። ጉማራ ወንዝ ዘንድሮ ቸኩሏል ይላል፤ ውሃው ከወዲሁ ደፍርሶ ወደ ማሳው ጫፍ እየላሰ ነው። ሰኔ ሚካኤልን አንግሦ ከብቱን ይዞ ሊወጣ ነው። እንደ ልማዱ።

እሺ አያ አልኩት። እሺ! ምላሴ ይቆረጥ።

የፈራሁት ይሄን ነው። ክረምት ሜዳው ውሃ ነው። ሰዉ ጉብታው ላይ ይከርማል፤ ከብት ግን የሚቆምበት ደረቅ መሬት የለውም። ስለዚህ ከአያቶቻችን ጀምሮ ክረምት የእነሱ ከብት ወደ እኛ ዳገት ይወጣል፣ በጋ የእኛ ወደ እነሱ ሜዳ ይወርዳል። ውል የለው፣ ፊርማ የለው። እኔ ራሴ ለጌታሁን የተዳርኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ አባቱና አባቴ ከብት ሲያወጡና ሲያወርዱ ነው የተዋወቁት። ስዳር አባቴ የሰጠኝ ጥጃ፣ ቦቃ፣ እዚያው አድጋ ዛሬ የአያ ምትኩ መንጋ መሪ ናት። ቃጭሉ አንገቷ ላይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሰው ሳይነዳት ደጄ ድረስ ትመጣለች። ልጆቼ እስከ መስከረም ወተት ይጠጣሉ።

እና ይሄን ሁሉ እንዴት ረሳነው? ልንገርሽ። የተፈራረምነው በጥር ነው። በጥር ከብቱ በሙሉ ታች ነው፣ የሩዝ ገለባ ላይ። የፕሮጀክቷ ልጅ ከብት ይገባበታል ወይ ብላ ጠየቀች። ጌታሁን አንድ ኮቴ አይገባበትም አላት። አልዋሸም። ያን ቀን አንድ ኮቴ አልነበረም። የዳገቱ ሰው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ክረምት ትዝ የሚለው ማን ነው?

ለጌታሁን ነገርኩት። መፋቂያውን ወዲህ ወዲያ አደረገ። በስተመጨረሻ አንድ ቃል፦ ተገዝቷል እኮ። ይሄው ነው።


ሰኔ 9፣ ጧት

አባ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ። ታመዋል። ደረታቸው ያፏጫል። መስቀላቸውን ስሳለም እጃቸው ያቃጥላል። ነገሩን አስረዳኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ። እሳቸውም ረስተውት ኖሯል! ስንት ክረምት የቦቃን ወተት በቅል ሳደርስላቸው ኖሬ።

ግዝት መቀነት አይደለም ልጄ፣ ስለጠበቀ የሚያላሉት፣ አሉኝ። የዳገቱን አባወራዎች ቃል ይዘሽ ነዪ፣ ሁሉም ይፈታ ካሉ ያሰርኩትን እኔው በጠራራ ፀሐይ እፈታዋለሁ። ደስ ብሎኝ እየበረርኩ ወረድኩ።

ለፕሮጀክቷም ልጅ ደወልኩ። ጥሩ ልጅ ናት፣ አልቆጣባትም። ስለ ክረምት ከብት የነገራት ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። እውነቷን ነው። ውሉ ሊታይ ይችላል፣ መስከረም ላይ ጥናት አለ፣ ያኔ አንሺው አለችኝ። ጉማራ እስከ መስከረም ይታገሥ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ለአያ ምትኩ ጥቂት ቆይ፣ መውጫው አዳልጧል አልኩት። ሁለተኛ ውሸት። ሽማግሌዎቹ እስኪሰበሰቡ ነው።


ሰኔ 15

ተሰበሰቡ። የዋንዛው ጥላ ሥር።

አቶ ሞላ የዳገቱ ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ሳቂታ ሰው ነው፤ ስለ አየር ብሩ ሲነሳ ግን ሳቁን ያስቀምጣል። ኮቴ ከታየ ሁላችንም እንከፍላለን፣ ማነው ቆርቆሮውን ነቅሎ የሚመልስ፣ አለ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሁሉም ለብሷል። የሜዳ ሰዎች ከብታቸውን ይሽጡ አለ አንዱ። ወረታ ገበያ ወስደው ይሽጡ! ክረምት በጭቃ የመጣ የሰጠመ አገር ከብት ማን ይገዛል? በነጻ ካልሆነ።

እኔ ተነሳሁ። በጋ የእናንተ በሬ የማንን ገለባ ነው የበላ አልኩ። አንዱ ወንድሟ ስለሆነ ነው አለ። አዎ ወንድሜ ስለሆነ ነው! ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ። ጌታሁን መሬቱን በዱላው ይጭራል። አንዲት ቃል አልወጣውም። አፍሬበታለሁ ደብተሬ፣ ለአንቺ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ።

ግማሹ ይፈታ አለ፣ ግማሹ አይፈታ። አባ ተክሌ ይሻላቸውና እሳቸው ባሉበት ይወሰን ተባለ። ተበተንን። ስንበተን ዝናቡ ጀመረ።


ሰኔ 21፣ ማርያም

አባ ተክሌ አረፉ።

ከቀብር አሁን መግባቴ ነው። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ። ምን ብዬ ልጻፍ። ያጋቡኝ፣ ያቆረቡኝ፣ ልጆቼን ያጠመቁልኝ እሳቸው ናቸው። አልቅሼ አልወጣልኝም።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አፈር ተመልሶ፣ ፍትሐቱ አልቆ፣ ሰዉ ዞር ሲል፣ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ዳገቱ አየ። ያሰረው ሳይፈታ ሄደ። ሁሉም ያንኑ ነው ያሰበ። አንዲት አሮጊት ብቻ አማተቡ።

ወጣቱን ቄስ፣ ተተኪያቸውን፣ ከቤ/ክ ደጅ ያዝኩት። እርስዎ ይፍቱት አባ፣ በሞቴ አልኩት። ወደ ኋላ ሸሸ። ሟች ያሰሩትን እኔ አልነካም፣ ሀገረ ስብከት መጠየቅ አለበት አለኝ። መንገዱ ሰላም ሆኖ ሲከፈት። መቼ? እንጃ።

አሁን ከአየር ብሩ ይልቅ ሰዉ ግዝቱን ነው የሚፈራ። እኔም እፈራለሁ። ለምን እዋሻለሁ።


ሐምሌ 1

ዝናብ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ሣር ቤት ሳለን ዶሮ ስትራመድ እንኳ እሰማ ነበር። አሁን ልጄ ከጎኔ ሆና ስትጠራኝ አልሰማም። ይሄን ጣሪያ ስንሠራ እልል ብዬ ነበር!

ጥቂት ሲያባራ ወጣሁ። ሜዳው የለም። ጣና ተነስቶ ሊጠይቀን የመጣ ይመስላል። የቁሐር ሚካኤል ቤ/ክ ዛፎች ብቻ ጥቁር ሆነው ይታያሉ። የአያ ምትኩ ስልክ ዝግ ነው።

የአቶ ሞላ ጊደር በላይ በኩል አጥር ሾልካ ገብታ ኖሮ ሞታ ተገኘች። ሆዷ ተነፍቷል። እርጥብ ማገጥ፣ ያን ከብት የሚነፋ ሣር፣ ጠግባ ነው የተነፋችው፣ ይሄን የማያውቅ ገበሬ የለም። ከማንም ዘንድ ግን እርጥብ ማገጥ የሚል ቃል አልወጣም። ግዝቱ ነው አሉ። አቶ ሞላ ራሱ ሥጋዋን ለውሻ እንኳ አልሰጠም፣ አስቀበራት። ከዚያ ወዲህ ጠባቂዎቹ ጠብመንጃ አጉርሰው ነው የሚወጡት። ሲሳሳቁ የነበሩት ሰዎች ተራ ሲቀያየሩ አይነጋገሩም።

ሌሊት ጊደሯን አስባለሁ። አንቺ ሙሉ፣ እርጥብ ማገጥ ነው፣ እርጥብ ማገጥ ነው እላለሁ። ለራሴ ነው የምናገረው፣ እንደ እብድ።


ሐምሌ 5፣ ከ/ሰዓት

ደወለ! በሰው ስልክ። ድምፁ ሻክሯል። ከብቱን ቤ/ክኑ ጉብታ ላይ አቁሞታል። ቁመው ነው የሚያድሩት፣ ውሃው ከጉልበታቸው ደርሷል። ሁለት ጥጃ ውሃ ወሰደበት። አንዱን እናስቀራለን ስንል ሌላው ሄደ አለ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው። ነገ ተነስቶ በጥርጊያው መንገድ ይወጣል። ከነገ ወዲያ ጧት እኔ ዘንድ ነው።

ነገርኩት። አጥሩን፣ ውሉን፣ ግዝቱን፣ የአባን ሞት። መዋሸቴንም። መውጫው አላዳለጠም፣ እኔ ነኝ ያቆየሁህ አልኩት። ያኔ ቢመጣ ኖሮ ጥጆቹ ይተርፉ ነበር።

በቀስታ፣ ሳይቆጣ፦ እታለም፣ ከብቱን በራሴ ተሸክሜ ልቁም? አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እመጣለሁ አለ። የአባታችንን ጠብመንጃ እንደያዘ ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ፤ በዚህ ዘመን ያለ እሱ መንገድ የሚወጣ የለም።


ሐምሌ 6፣ ከ/ሰዓት

አሁን ደግሞ ስሚ። ነገ ሥላሴ ናት፣ የዳገቱ ታቦት። ሰው ሁሉ ንግሥ ላይ ነው የሚሆነው። ጥበቃው የማን ተራ ነው ብዬ ጠየቅሁ። የጌታሁን። ተራው አልነበረም እኮ! አቶ ሞላ ነው ያዘዋወረው። የአያ ምትኩን መነሳት ሰምቷል። የሜዳውን ሰው የራሱ አማች ይመልሰው ብሎ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት! ቤቱ ድረስ ሄጄ ጮህኩበት። ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። እኔ ምን ላድርግ ወ/ሮ ሙሉ፣ ቢገባ ጊደሬን ያገኘ ያገኘናል አለኝ። ዓይኑን አየሁት። ፈርቷል። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ፣ ግን የፈራ ሰው ነው።

ሌላ ሣር ፈለግሁ። የሰው ማሳ ሁሉ ተዘርቷል። መንደሩን ዞርኩ። የቤ/ክኑን ግቢ ለሁለት ቀን አልኩ፤ ወጣቱ ቄስ እጁን አወናጨፈ። ከብት ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ ብለሽ አታቆዪውም።

ጌታሁን ጠብመንጃውን ሲወለውል ዋለ። ምሳ አልበላም። ምን ልታደርግ ነው አልኩት። ወደ ሰማይ እተኩሳለሁ፣ ይመለሳል አለ። አያ ምትኩን አያውቀውም? እኔ ግን አውቀዋለሁ። ሰማይ ላይ ሲተኮስ የሚመለስ ሰው አይደለም፤ ቆሞ ጠብመንጃውን ከትከሻው የሚያወርድ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ደም ነው። የልጆቼ አጎት የልጆቼን አባት፣ ወይ የልጆቼ አባት የልጆቼን አጎት። ከዚያ በኋላ የማን ቤት ገብቼ ነው የማለቅስ?

ይህን አልኩት። ፊት ለፊት። አለቀሰ። አግብቼው ስኖር ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። አጥሩን ከከፈትኩ እገዘታለሁ፣ ካልከፈትኩ ነፍሰ ገዳይ እሆናለሁ፣ ምን ላድርግ ይላል። ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ዝም ማለቱ ለካ ይሄ ኖሯል። ስንት ወር በዝምታው ስቆጣው ኖርኩ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር በሐሳቤ መጣ። ግዝቱ የሚይዘው የከፈተውን ነው። አንዱን ሰው። ጌታሁን እንዳይከፍት ይፈራል፣ አያ ምትኩ ቢከፍት ይጋደላሉ። እና?


ሐምሌ 6፣ አመሻሽ

ጫካውን ብቻዬን ዞርኩት፣ በአጥሩ ውጭ። የወይራው ቡቃያ ጉልበቴን አልፏል። የዋንዛው ቅጠል ዝናብ ይዞ ያንጠባጥባል። ከነገ ጀምሮ ግማሹን ቦቃ ትበላዋለች። አዝናለሁ። እውነት አዝናለሁ። በሩቅ አገር የሚያጨሱት ሰዎች ይህን ቡቃያ ቢያዩት ይወዱት ነበር፤ ግን ጎርፍ ላይ ቆማ የምታድር ላም አላዩም። እኛም በጥር አላየናትም። በማን እፈርዳለሁ።

መስከረም ላይ ለፕሮጀክቷ ልጅ እኔው እናገራለሁ። ሰኔ ሐምሌ ከብት ይወጣል፣ ከነሐሴ አጋማሽ ይከለል፣ የሜዳውም ሰው ከብሩ ይድረሰው ብዬ። ካስገቡኝ። የተወገዘች ሴት ስብሰባ ላይ ይቀበሏት እንደሆነ እንጃ።

ቆራቢ ነኝ። ከነገ ጀምሮ ቅዳሴ ከውጭ ነው የምሰማው። እድሩ ያስወጣኛል። ብሞት ማን ይፈታኛል? የሚፈታኝ ሰው አፈር ሥር ነው። አባ ተክሌ ግን ስቀው ነበር። እኔ የምይዘው ሳቃቸውን ነው። ያሰርኩትን እፈታለሁ ብለው ነበር፣ ሰው ቃሉን ሳይሰጣቸው ሞቱ እንጂ።

የጌታሁንን ጥይት ከጠብመንጃውም ከዝናሩም አወጣሁ። የሩዝ ጋን ውስጥ ከታች ቀበርኩት። አያ ምትኩ ካልተተኮሰበት አይተኩስም፤ ያንን ደግሞ በማርያም እምላለሁ።


ሐምሌ 7፣ ሥላሴ፣ ጧት 12 ሰዓት

ጌታሁን ወጣ። በላይ በኩል ጀምሮ ነው የሚዞረው፣ ታች እስኪደርስ ጊዜ አለኝ። ጠብመንጃውን አንግቷል። ባዶ መሆኑን አላየም።

ሰዉ ወደ ንግሥ እየሄደ ነው። ነጠላ በነጠላ። ደርሼ እመጣለሁ ብያለሁ። ልጆቹን ከአማቴ ጋራ ላክኋቸው። ትንሿ ልጄ፣ እሜ ነዪ እንጂ ስትል ጎንበስ ብዬ ሳምኋት።

ገጀራው ተስሏል። እሾሁን ለመሳብ አሮጌ ጆንያ እጄ ላይ ጠምጥሜያለሁ፤ ለዚህ ነው ጽሑፌ የተንጋደደ።

ቆርቆሮው ዝም አለ። ዝናቡ አባራ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ክረምት ውጭው ይሰማል።

ቃጭል። ከታች፣ ከጥርጊያው መንገድ። ቦቃ ናት። መንገዱን ታውቀዋለች፣ ግዝት አታውቅም።

ዱሮ እዚያ ስትደርስ ትሮጥ ነበር። አሁን ቀስ እያለች ነው የምትራመድ።

ደብተሬ፣ ከጋኑ ኋላ እሸሽግሻለሁ። ካገኙሽና ማን ከፈተው ካሉሽ፣ ጌታሁን አይደለም፣ ምትኩም አይደለም። ሙሉ ናት በያቸው። ሄድኩ።